ክፍቱን ጠርሙስ አትንኪ

የወይን መጥመቂያው ውስጥ ስቀጠር የተሰጠኝ ሥራ ጠርሙስ ማዞር ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ገና መጀመራቸው ነው። በሱዳን በኩል እስራኤል መጥተን ሀደራ ከተማ ከሰፈርን ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ከአባቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ፤ ቢሮ ሳጸዳ ቆይቼ ሰልችቶኛል። መጥመቂያው ከሀደራ በስተሰሜን፣ በባቡር አንድ ፌርማታ ላይ ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ የጠመቃው ኃላፊ ናቸው፤ ከሮማኒያ የመጡ ሽማግሌ። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ ሁልጊዜ አንቱ እላቸው ነበር። የሚሠሩት ሰው ሁሉ ሻምፓኝ የሚለውን፣ አረፋ ያለውን ወይን ነው። መጀመሪያ ተራ ነጭ ወይን ይጠመቃል፤ ኮምጣጣ፣ ምንም የማያጓጓ። ከዚያ ትንሽ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት ወፍራም ጠርሙስ ውስጥ ይገባና በቆርኪ ይዘጋል። እርሾው ስኳሩን እየበላ እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ይፈላል። መውጫ ያጣው አየር ወይኑ ውስጥ ይቀራል። ኋላ ብርጭቆ ላይ እንደ ክር እየተመዘዘ የሚወጣው እሱ ነው።

እርሾው ሥራውን ሲጨርስ ይሞትና ታች ይዘቅጣል። እኛ አተላ የምንለው ነው። ወይኑ በዚያ አተላ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ተጋድሞ ይቆያል።

«ጣሙን የሚያገኘው ከእሱ ነው» አሉኝ ሽማግሌው። «የቸኮለ ሰው ጋዝ ያለበት ጭማቂ ይጠጣል።»

የእኔ ድርሻ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጠርሙሶቹ አንገታቸው ወደ ታች አዘንብሎ በእንጨት መደርደሪያ ቀዳዳዎች ውስጥ ይሰካሉ። እያንዳንዱን በየቀኑ ነቅነቅ አድርጌ ትንሽ አዞረዋለሁ፤ አተላው እየተንሸራተተ አንገቱ ላይ እስኪከማች ድረስ። በሁለት እጄ ሁለት ጠርሙስ፣ ከዚያ ሌላ ሁለት። ምድር ቤቱ ቀዝቃዛ ነበር። ቤት ገብቼ የልጄን ፀጉር ስጎነጉን የእጄ አንጓ ይጠዘጥዘኛል።

አተላው የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ማየት ፈለግሁ። የጠርሙሱን አንገት በጣም የቀዘቀዘ የጨው ውኃ ውስጥ ነክረው አተላውን በረዶ ያደርጉታል። ቆርኪው ሲነሣ ግፊቱ በረዶውን ተኩሶ ያወጣዋል። ከዚያ የጎደለው ይሞላና በቡሽና በሽቦ ይታሰራል። ልረዳቸው ጠጋ ስል ማሽጊያኹ፣ ወይኑ እንደ አይሁድ የምግብ ሕግ መሠራቱን የሚቆጣጠረው ሰው፣ እጁን ዘረጋ።

«አንቺ ራቅ በይ» አለኝ። ድምፁ የክፋት አልነበረም። «የተዘጋውን ማንም ቢይዘው ችግር የለም። ክፍቱን ጠርሙስ ግን አትንኪ። እሱን ሰንበት የሚጠብቅ አይሁዳዊ ብቻ ነው የሚነካው።»

«ሰንበት እጠብቃለሁ። አባቴም የቤተ እስራኤል ቄስ ናቸው።»

ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «አውቃለሁ። በእናንተ አይሁዳዊነት የሚጠራጠሩ አሉ። የወሰንኩት እኔ አይደለሁም።»

ሽማግሌው ወደ ግድግዳው ወሰዱኝ። «አይክፋሽ» አሉ። «እኔም ሰንበት ስለማልጠብቅ አይፈቀድልኝም። ዕድሜ ልኬን እጄን ኪሴ ከትቼ ነው ወይን የምሠራው።»

«እርስዎ ቢፈልጉ ከነገ ጀምሮ ሊጠብቁ ይችላሉ» አልኳቸው። «እኔ ከነገ ጀምሮ ምን ላድርግ?»

እንዲቀምሱ ከተቀዳላቸው ብርጭቆ ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ። ያዞርኩትን ወይን የቀመስኩት ያን ጊዜ ነው። አረፋው ደቃቅ ነው፤ ምላስ ላይ አይናደፍም። አዲስ የወጣ ዳቦ ይሸታል፤ ከዚያ እንዳልበሰለ ፖም ኮምጠጥ ይላል፤ ከዋጡት በኋላም ጣሙ አፍ ውስጥ ይቆያል። ጥሩ ነበር። ጥሩ መሆኑ አናደደኝ።

ቤት ስገባ ለአባቴ ነገርኳቸው።

«እኛም አገራችን ሳለን እንዲሁ ነበርን» አሉ። «ክርስቲያኑ ጎረቤቴ ሲመጣ ከደጅ አስቀምጠው ነበር። ቢነካን ወንዝ ወርደን ሳንታጠብ ቤት አንገባም። ሰዉ አትንኩኝ እያለ ይጠራን አልነበረም?»

«ታዲያ ደግ አደረጉሽ እያሉኝ ነው፣ አባየ?»

«አላልኩም፣ ልጄ። ያ ሰው ደጄ ቁጭ ብሎ ምን ይሰማው እንደነበር አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። አሁን ስትነግሪኝ እሱ ትዝ አለኝ።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሊያጽናኑኝ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን የራሳቸው ሐዘን መጣባቸው።

በማግሥቱ ሥራ ሄድኩ። ምን ላድርግ፣ የልጆቹ ጫማ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ። እንዲያ እያልኩ ሦስት ክረምት አዞርኩ። ጠርሙስ ሲከፈት ምሳ እበላለሁ ብዬ ውጭ እወጣ ነበር።

በአራተኛው ዓመት ማሽጊያኹ ተቀየረ። አዲሱ ወጣት ነው፤ መነጽር ያደርጋል። ወደ ውጭ ስሄድ አይቶ «ወዴት ነሽ?» አለኝ። ነገርኩት። «ሰንበት ትጠብቂያለሽ?» አለ። አዎ አልኩት። «እንግዲያው ነይ፣ ሰው አንሶናል።» በቃ ይኸው ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ከሩቅ ያዩኝ ነበር፤ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ቀኑን ሙሉ ጠርሙስ ስከፍት ዋልኩ። በረዶው እየተፈናጠረ ይወጣል፤ አረፋው እጄን እስከ ክንዴ ያረጥበዋል። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስታው አልመጣም። የመጣው ድካም ነው፤ የዚያን ቀን ብቻ ሳይሆን የሦስቱንም ክረምት ድካም።

አመሻሹ ላይ ባቡር ውስጥ ተቀምጬ ራሴን መስኮቱ ላይ አስደገፍኩ። መውረጃዬ ሀደራ ምዕራብ ሲደርስ ተኝቼ ነበር። የነቃሁት ከሀደራ አልፌ ነታንያ ላይ ነው። ወርጄ ወደ ሌላኛው ወገን ተሻገርኩና አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የሚመለሰውን ባቡር ጠበቅሁ።