ባንዲራዎቹ ሥር የተነጠቅኩት ጥያቄ

ካሳራኒ ሰፈር አብረን በተከራየነው ቤት ውስጥ ከሁሉ የሚያናድደኝ፣ ጓደኛዬ መስታወቱ ጠርዝ ላይ የምትሰቅለው ባጅ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የዓለም አቀፍ ድርጅት ግቢ አስጎብኚ ሆና ከተቀጠረች ጀምሮ፣ ጠዋት ፀጉሬን ሳበጥር የእሷ ፎቶግራፍ ከፊቴ አጠገብ ፈገግ ብሎ ያየኛል። ለሥራው ያመለከትነው ሁለታችንም ነበርን። እኔ የታሪክ መምህርት፣ እሷ ዌስትላንድስ ሰፈር ውስጥ የአውሮፕላን ቲኬት ሻጭ። ለፈተናው ያስጠናኋትም እኔ ነኝ። ድርጅቱ የራሱ ጦር እንደሌለው፣ ወታደር የሚያዋጡለት አባል አገሮች እንደሆኑ፣ አምስቱ ኃያላን የጸጥታውን ምክር ቤት ውሳኔ መሻር እንደሚችሉ ሽንኩርት እየከተፍን አስረድቻታለሁ። ያለፈችው እሷ ናት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለተኛ አስጎብኚ ሊቀጠር ሆነ።

«ተማሪዎችሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። «አለቃዬ ከኋላ ትከተለናለች። የአባል አገሮቹ ባንዲራዎች ጋ ስንደርስ ተራውን ለአንቺ እለቅልሻለሁ። ስታስረጂ ትይሽ።»

«ውለታ ልትውዪልኝ ነው?»

«ኧረ ተይ! ትናንት ለማታቱው ታክሲ ረዳት የመቀመጫ ቀበቶውን ሕግ ስታብራሪለት አይደል መውረጃችንን ያለፍነው? ይኼ ሥራ የአንቺ ነው።»

የእኔ ከሆነ ለምን እሷ ያዘችው? እንዲህ እያሰብኩ ተማሪዎቼን ለጉብኝቱ አስመዘገብኩ።

በጉብኝቱ ቀን ባንዲራዎቹ ጋ ስንደርስ ቃሏን ጠብቃ ወደ ጎን አለች። አገሮቹ የተደረደሩት በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ መሆኑን ነገርኳቸው። ትልቅና ትንሽ፣ ሀብታምና ድሃ ተብሎ ቦታ ቢሰጥ ጠቡ የሚጀምረው ከወንበር ነው አልኳቸው። አለቃዋ ራሷን ነቀነቀች። ደስ አለኝ።

«ቲቸር! ኤርትራና ኢትዮጵያ መሃል ኤስቶኒያ ገብታለች!» አለ አንዱ።

«ደግሞ የማን ናት እሷ?» አለ ሌላው፤ ተሳሳቁ።

ከክፍሉ ብቸኛው ኤርትራዊ ልጅ ግን አልሳቀም። «ሁለቱ ሲጣሉ መሃል የሚቆመው ምን ያደርጋል?» ሲል ጠየቀኝ።

ስጠብቀው የኖርኩት ጥያቄ ነበር። ምክር ቤቱ እንዴት እንደሚሰበሰብ ጀመርኩ። ከዚያ ረቂቁን፣ ከዚያ ድምፁን፣ ከዚያ ተፋላሚዎቹ ጦር እንዲገባ የሚሰጡትን ፈቃድ። ገና ጦሩ ድንበር ላይ እንዴት እንደሚቆም ሳልነግራቸው ጓደኛዬ ወደ ፊት መጣች።

«ይቅርታ ቲቸር» አለችና ልጁን ከዴስክ ጓደኛው ጋር ፊት ለፊት አቆመቻቸው። መሃላቸው ከክፍሉ ወሬኛ የሆነችውን ልጅ አስገባች። «ተጣልታችኋል። ያላችሁን ለእሷ ብቻ ንገሯት።»

«ፔኔን ይመልስልኝ በይው!»

«መጀመሪያ ላጲሴን ያምጣ በይው!»

«ፔኑን አኝኮታል እኮ!»

ልጅቷ ግራና ቀኝ ስትዞር ቆይታ «እንዴ! ተራ በተራ! አንገቴን!» ብላ ጮኸች። ሁሉም በሳቅ ፈረሰ።

«አየሽ፣ አላስታረቅሻቸውም» አለቻት ጓደኛዬ። «ግን እስካሁን አልተማቱም። መሃል የሚቆመው ጊዜ ይገዛላቸዋል። እርቁ የራሳቸው ነው።»

አለቃዋ አጨበጨበች። ይህንኑ ነገር እኮ ሽንኩርት ስንከትፍ የነገርኳት እኔ ነኝ! ተጽፎበት ያለቀ ጠመኔ የሚያክል ፈገግታ ፊቴ ላይ ለጥፌ ቆምኩ።

ማታ ቤት ስንገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ነገረችኝ። «አለቃዬ፣ ለክፍል የተፈጠረች መምህርት ናት አለች። ጎብኚ ግን ቆሞ ስለሚሰማ ቶሎ ይሰለቻል አለች። ሌላ ሰው ሊወስዱ ነው።»

«ባታቋርጪኝ ኖሮስ?»

«ልጆቹ ዛፍ ላይ ያሉ ጦጣዎችን ማየት ጀምረው ነበር እኮ! ላድንሽ ብዬ ነው።»

«አድኚኝ አልኩሽ?»

ባጇን አውልቃ፣ እንደ ወትሮው መስታወቱ ላይ በመስቀል ፈንታ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ይህም አናደደኝ፤ እንደታዘነልኝ ገባኝ።

በሳምንቱ ለክፍሉ አጭር ፈተና ሰጠሁ። ሰላም አስከባሪ ምን ይሠራል? ስለ ምክር ቤቱ የጻፈ አንድም ልጅ የለም። ሁሉም መሃል ስለሚቆመው፣ ስለሚገዛው ጊዜ፣ እርቁ የራሳቸው ስለመሆኑ ጽፈዋል። ደጋግሜ ባነበውም ስሕተት አላገኘሁበትም። ሙሉ ማርክ ሰጠኋቸው።

ወረቀቱን ስመልስ ኤርትራዊው ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ያቺ አስጎብኚ እኛ ክፍል መጥታ አታስተምርም?»

«ሥራ ይበዛባታል» አልኩት፣ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ።