ያለ ፎቶ የተሳለ ክፍል

የወንድሜን ሚስት ተማሪዎቿ «ማስመሪያ» ይሏታል። ቀጭንና ቀጥ ያለች ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ስትናገርም አትታጠፍም። ወንድሜን ደግሞ «ላጲስ» ይሉት ነበር፤ ተማሪ አንድ መስመር ካጣመመ ሁሉንም አስጠፍቶ እንደገና ያስጀምረዋልና። ሁለቱም በአንድ ኮሌጅ የቤት ንድፍ ያስተምሩ ነበር። እኔ እዚያው የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነኝ፤ ቁልፉም፣ የገመዱ ጣጣም፣ «ድምፅ አይሰማም» የሚለው እሮሮም የእኔ ነው። እንግዲህ ቤተሰብ ሲያስጠላኝ መሥሪያ ቤት፣ መሥሪያ ቤት ሲያስጠላኝ ቤተሰብ ልሂድ ብል የማገኘው እነዚያኑ ሰዎች ነበር።

ላጲስ የሞተው በሥራ ቀን ነው። እያስተማረ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፣ በዚያው ቀረ። ወሬው ማስመሪያ ዘንድ ሲደርስ ግቢው ሁሉ ሰምቶ ነበር። ቤቷ ስትደርስ ጎረቤት ቀድሟታል፤ ዘመዱም ሌላው ዘመድ ነግሮት እያለቀሰ መጣ። እሷ ለማንም መናገር አላስፈለጋትም። ለሚያለቅሱት ውሃ ስታቀርብ ዋለች። «እንዴት ያለች ጠንካራ ናት!» ተባለላት። እኔ ግን ጥንካሬ አልመሰለኝም፤ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት እንደሚወጉት ማደንዘዣ ያለ ነገር ነው። ሲለቃት ምን ትሆን ይሆን እያልኩ ጠበቅሁ። አልለቀቃትም።

ሰው ከተበተነ በኋላ ወንድሜ ይሠራበት የነበረውን ክፍል ባዶ አደረገችው። ጠረጴዛውን ለጎረቤት፣ መደርደሪያውን ለኮሌጁ፣ ወንበሮቹን ለጥበቃው ሰጠች። «እታለም፣ ምናለ ትንሽ ብትቆዪ» ብላት «ቦታ ይዟል» አለችኝ። ደሜ ፈላ። የእናቴ ልጅ እኮ ነው። ግን ከእሷ ጋር መጣላት ከግድግዳ ጋር መጣላት ስለሆነ ትቼያት ወጣሁ።

ዲኑ «ሥራ ሐዘን ያስረሳል» ብሎ ላጲስ የጀመረውን ትምህርት እንድትጨርስ ሰጣት። ትምህርቱ ባሕር ማዶ ካለ ኮሌጅ ጋር በኢንተርኔት በጋራ የሚሠራ ነው። እዚህ ያለ ተማሪ እዚያ ካለ ተማሪ ጋር ይጣመራል። እያንዳንዱ የሚኖርበትን ክፍል በሜትር ይለካና በቃል ገልጾ ይልካል፤ ጓደኛው ሳያየው ይስለዋል። ፎቶ ክልክል ነው። ፎቶ የሚወጣው በመጨረሻው ቀን ከሥዕሉ ጎን ሆኖ ነው። ይህን ሕግ ያወጡት ላጲስና የእዚያኛው ክፍል መምህርት ናቸው። ሴትዮዋ ሸበቶ ናት፤ መነፅሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ ጠረጴዛው ላይ ስትፈልገው ትውላለች። ወንድሜ፣ የሰው ቤት ካየህ የምትስለው ዕቃውን ነው፣ ካላየህ ግን ሰውየውን መጠየቅ ግድ ይልሃል ይል ነበር።

እውነትም ብዙ ያስጠይቅ ነበር። የእኛዋ ልጅ «ከሁለት እህቶቼ ጋር እተኛለሁ» ብላ ብትጽፍ የእዚያኛው ሦስት አልጋ ሳለላት፤ ያላት አንድ ነው። የእኛው ልጅ ደግሞ ለጓደኛው ክፍል የእንግዳ መቀመጫ ከራሱ ጨመረለት። ጓደኛው እንግዳ መጥቶብኝ አያውቅም ሲለው፣ ልጁ በጣም አዘነለትና መቀመጫውን ሳያጠፋው ቀረ።

ሁለቱ መምህራንም እንደ ተማሪዎቹ ተጣምረው ነበር። ወንድሜ የሥራ ክፍሉን በቃል ገልጾ ላከላት። ከዚያ ሞተ።

ማስመሪያ መጀመሪያ በገባችበት ቀን ሴትዮዋ ከስክሪኑ ላይ ዞር ዞር ብላ ተመለከተችና መምህሩ የት ሄደ፣ ደህና ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ማስመሪያ «ደህና ነው፤ ትንሽ አሞት ነው» አለች። ገመድ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። መቼም እኛ ስለ ማንም ብንጠየቅ አፋችን «ደህና» ነው የሚለው፤ ሆስፒታል የተኛውም ደህና ነው፣ ትዳሩ የፈረሰውም ደህና ነው። ቃሉ ቀድሟት ወጣ፤ ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው። ተማሪዎቻችን ቀና ብለው አዩዋትና መልሰው አቀረቀሩ። የመምህራቸውን ቃል በሰው ፊት የሚያፈርሱ ልጆች አይደሉም። ከዚያ ወዲያ ጓደኞቻቸው ሲጠይቋቸው እነሱም «ተሽሎታል» ይሉ ጀመር።

በየሳምንቱ እየተሻለው ሄደ። አንድ ቀን ምግብ መብላት ጀመረ፣ ሌላ ቀን መስኮት አጠገብ ቁጭ አለ። የምትለውን ሁሉ ፊቷ ሳይለወጥ ትለው ነበር። አንድ ቀን ክፍሉን ስቆልፍ አላስችል አለኝ።

«እታለም፣ ንገሪያቸው እንጂ። እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትዋሺው?»

«እዚህ ሁሉም ያውቃል» አለችኝ። «እዚያ እንኳን ትንሽ ይቆይ።»

ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። እውነቱን ለመናገር ያችን የሳምንቱን ሰዓት እኔም መናፈቅ ጀምሬ ነበር። በዓለም ላይ ወንድሜ የሚሻለው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው።

የመጨረሻው ቀን ሲቃረብ ሴትዮዋ መልእክት ላከች። ሥዕሏን ጨርሳለች፤ ከአልጋ መነሣት ባይችል እንኳ የክፍሉን ፎቶ ሰው አንስቶ ይላክልኝ፣ ሕግ ሕግ ነው ትላለች። ማስመሪያ አንብባ ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው። ፎቶ ይነሣ ቢባል የሚነሣው አራት ግድግዳ ነው። ወይ ሞቷል ማለት አለባት፣ ወይ ሌላ ውሸት መፈለግ። ሞቷል ካለች ደግሞ እዚያም አለቀ ማለት ነው። ቤቱ ቀለም እየተቀባ ነው እላለሁ አለች። ቀለሙ ሲደርቅስ አልኳት። ስልኩን ወደ ራሷ መልሳ ሳበችው።

በቀኑ ሲበርዳት የምትደርበውን ግራጫ ሹራቧን ለብሳ መጣች። ተማሪዎቹ ፎቶና ሥዕል እያስተያዩ ሲሳሳቁ ቆዩ፤ ባለ ሦስት አልጋው ሥዕል ሲወጣ እዚህም እዚያም በሳቅ አለቁ። እሷ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር። መጨረሻ ላይ የሴትዮዋ ሥዕል በግድግዳው ስክሪን ላይ ሞላ። የወንድሜ ክፍል ነው። መስኮቱ፣ ጠረጴዛው፣ ሁልጊዜ ግማሽ ተከፍቶ የሚቀረው በሩ፣ ሁሉም አለ። 

ሴትዮዋ ፎቶውስ አለች።

ማስመሪያ ተነሣች። «ፎቶ የለም» አለች። «ክፍሉን ባዶ አድርጌዋለሁ። ባለቤቴ ሞቷል። መጀመሪያ የጠየቅሽኝ ቀንም ሞቶ ነበር።»

«ሞቷል» የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። የእኛዎቹ አቀረቀሩ። የእዚያኞቹ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ሴትዮዋ መነፅሯን ከግንባሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገችው። ለምን ዋሸሽኝ አላለችም። ሥዕሉን ላንሣው ወይ ብላ ብቻ ጠየቀች።

«አይ፣ ይቆይ። ላርመው» አለች ማስመሪያ።

ወደ ስክሪኑ ቀረበች። መስኮቱ ልክ ነው አለች፤ መደርደሪያው ዝቅ ይበል፤ በሩ ትንሽ ይጥበብ። የተማሪ ሥራ እንደምታርመው ነው፣ ድምፅዋም ያው ነው። ከዚያ ጣቷ ከጠረጴዛው ጀርባ ያለች አንዲት ወንበር ላይ ሲደርስ ቆመ። ወንበሯ ላይ የተጣጠፈ ነገር ተስሏል። በንድፍ ላይ ጨርቅ የሚስል የለም። ይሄ ምንድን ነው አለች።

ሴትዮዋ የወንድሜን ጽሑፍ አውጥታ አነበበችላት። «ከጀርባዬ አንድ ወንበር አለ። ሰው አይቀመጥበትም፤ የባለቤቴ ሹራብ ነው የሚቀመጥበት። ሲበርዳት ልትወስደው ትመጣለች፣ በዚያው ምን እየሠራሁ እንደሆነ አይታ ትሄዳለች። ሌላም ቦታ ማስቀመጥ ትችል ነበር። እንዳትረሺው፣ ያለ እሱ ክፍሉ ልክ አይመጣም።»

ማስመሪያ የሹራቧን እጅጌ አየችው። «ልክ ነው» አለችና ወጣች።

ከሥራ ስንወጣ ቤት ድረስ ሸኘኋት። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሜትሩን አምጥታ ጫፉን አስያዘችኝና ወደ ባዶው ክፍል ገባን። ከመስኮቱ ለካች፣ ከግድግዳው ለካች፣ ወንበሯ የነበረችበትን ቦታ በጠመኔ መሬቱ ላይ አሰመረች። ሹራቧን አወለቀችና አጣጥፋ መሃሉ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ስሚ» አለችኝ። «ወንድምሽ እኮ ሞተ።»

ሜትሩን ለቀቅሁትና አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«መቼ?» አልኳት፣ እንዳልሰማ ሰው።

እያለቀሰች ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ።