ሽፋኑ ስድስት ይላል

ልጣጭ የሚለውን ቅጽል ያወጣለት የእህቱ ባል ነው፤ ለስድብ ነበር ያወጣው፣ ውሎ አድሮ ግን ሕንፃው ሁሉ በዚያ ስም ይጠራው ጀመር። ሥራው የመሥሪያ ቤቱን የኔትወርክ ገመድ መዘርጋትና መጠበቅ ነው። የማንኛውንም ገመድ ጫፍ ልጦ ሳያይ አያምንም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ጊዜ በሽፋኑ ላይ የታተመውን ብቻ አንብቦ ፈረመ። የሁለተኛው ፎቅ ገመድ በሙሉ ተነቅሎ እንደገና ተዘረጋ፣ ጥፋቱም በእሱ ላይ ተጻፈ።

የእህቱ ባል የግዥ ኃላፊ ነው። ሁለቱ ሰላም የሚባባሉት እህቲቱ መሀላቸው ስትቀመጥ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት የአራተኛው ፎቅ አርባ ሁለት መስመሮች ርክክብ ነበር። የዘረጋቸው ኃላፊው ያመጣው ተቋራጭ ነው። ቅጹ ላይ ሥራ አስኪያጇ ፈርመዋል፣ ኃላፊውም ፈርሟል፤ የቀረው የልጣጭ ፊርማ ነው።

ኃላፊው ትንሽ መሞከሪያ ከኪሱ አውጥቶ አንዱን መስመር ከሁለቱም ጫፍ ሰካበት። ስምንቱ መብራቶች በተራ በሩ።

«አየህ? አንድም የቀረ የለም።»

ልጣጭ ለሥራ አስኪያጇ ረጋ ብሎ አስረዳቸው። መብራቱ የሚናገረው ሽቦዎቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ መገናኘታቸውን ነው፤ ምን ያህል መሸከም እንደሚችሉ አይናገርም። የገመድ ደረጃ ካት ተብሎ በቁጥር ይለያል፦ ካት አምስት በሰከንድ ለመቶ ሜጋቢት የተሠራ አሮጌ ገመድ ነው፤ አምስት ኢ አንድ ጊጋቢት ያደርሳል። ስድስት፣ ርቀቱ ከሃምሳ ሜትር ብዙ ካልዘለለ፣ አሥር ጊጋቢት ይችላል፤ ስድስት ኤ ያንኑ እስከ መቶ ሜትር ይወስደዋል። ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚጠማዘዙት አንዱ ጥንድ የሌላውን ወሬ እንዳይሰማ ነው።

«ምናለ እኛንም እንዲህ በለዩን» አለ ኃላፊው።

ሥራ አስኪያጇ ፈገግ አሉ። ልጣጭ ከወለሉ ላይ የተረፈ ቁራጭ አነሣ። ሰማያዊው ሽፋን ላይ ካት ስድስት የሚል ታትሟል። በቢላዋ ላጠው። ጥንዶቹን የሚለያየው የፕላስቲክ መስቀል የለበትም፤ ይህ ብቻውን አያስኮንንም፣ ያለ መስቀል የሚሠራ ስድስትም አለ። አንዷን ሽቦ ፋቅ ሲያደርጋት ግን ከቀይ ቆዳዋ ሥር ነጭ ብቅ አለ። መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» አለ ኃላፊው ለሥራ አስኪያጇ። ከዚያ ልጣጭን ክንዱን ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣው፣ ስልክ ደወለና ጆሮው ላይ ለጠፈለት።

እህቱ ነበረች። ድምፅዋ ቀድሞ የተነገራት ሰው ድምፅ ነው።

«ወንድምዬ፣ ለእኔ ስትል ፈርም። እሱ ከሥራው ቢባረር ልጆቼን ይዤ የት ልግባ?»

ስልኩን ለኃላፊው ሰጥቶ ወደ ቅጹ ተመለሰ። ባይፈርም እህቱን ቤት አልባ ያደረገ ወንድም ሊባል ነው፤ ቢፈርም አራተኛው ፎቅ ሲነቀል እንደ ሁለተኛው ፎቅ በእሱ ስም ይነቀላል።

እስክሪብቶውን አንሥቶ ፈረመ። ኃላፊው ከኋላው ተነፈሰ። ልጣጭ ግን እጁን ከቅጹ አላነሣም፤ «የዕቃው ዓይነት» ከሚለው መስመር ትይዩ በደቃቅ ጽሑፍ ጨመረበት፦ ሽፋኑ ካት ስድስት ይላል። ሽቦው መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ልጬ አይቻለሁ።

ሥራ አስኪያጇ ሁለት ጊዜ አነበቡት። የራሳቸውን ፊርማ አዩ፣ ኃላፊውን አዩ፣ ቅጹን አጥፈው ይዘው ወደ ቢሯቸው ገቡ።

«ከዛሬ ወዲያ ቤቴን እንዳትረግጥ» አለ ኃላፊው።

ልጣጭ ቢላዋውን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

«የቤትህን ገመድ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ጥሩ መዳብ ነው፤ እሱን ሳትልጥ እመን።»

ደረጃው ላይ ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት። ጮኾ እስኪያበቃ ቆሞ ጠበቀው።