ሁለት እጅ የሚፈልግ ሕፃን

ኤውላሊያ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ሰላጣ ለቀማ ሲሄዱ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ተገልብጦ የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። አጠገባቸው የተቀመጠችው የአገራቸው ልጅ ከዚያ አልተነሣችም። እሳቸው ምርቱ ተሰብስቦ እስኪያልቅ አልጋ ላይ ቆዩ። ደግፈው ሲያቆሟቸው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ እግራቸው አልነበረም፤ "በእኔ ቦታ ሰው ቀጠሩ?" አሉ። ቀጥረው ነበር። ሌላ እርሻ ገቡ። እዚሁ እኛ ከተማ ሳሊናስ ጎንበስ ብለው ሰላጣ ሲቆርጡ ኖሩ፤ ባል ቀበሩ፣ ልጃቸውን ግሪሴልዳን አሳደጉ።

ቤታቸው ውስጥ እናታቸው ከትውልድ አገራቸው ከሚቾአካን የላኩላቸው የሕፃኑ ኢየሱስ የሸክላ ምስል አለ። በልማዳችን እንዲህ ያለ ምስልም የክርስትና አባት ይሰጠዋል፤ እሱም እኔ ስለሆንሁ አበልጅ እንባባላለን። በየዓመቱ ከልደት በኋላ በአርባኛው ቀን አዲስ ልብስ ይለብስና ለቡራኬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። አቅፋ የምትወስደው የቤቱ እናት ናት።

አምና በመከር ኤውላሊያ ወጥ ቤት አዳልጧቸው ወደቁ። አጥንታቸው ተረፈ፤ ፍርሃት ግን ገባባቸው። ግሪሴልዳ እየገፉ የሚሄዱበት ባለ አራት እግር መደገፊያ ገዛችላቸው። ጥሩ ዕቃ ነበር። ችግሩ ሁለት እጅ መፈለጉ ነው።

"ዘንድሮ ሕፃኑን እኔ እይዘዋለሁ፣ እማዬ" አለቻቸው።

"እኔስ? ይህን ጋሪ እየገፋሁ እንደ ገበያተኛ ልከተልሽ?"

"ብትወድቂስ? እሱም ይሰበራል፣ አንቺም።"

ኤውላሊያ በማግስቱ እኔ ቤት መጡ።

"አበልጄ፣ ያ ሽማግሌ ሁሉ የሚዘልበት አዳራሽ ይውሰዱኝ።"

እዚያ ማሪቤል የምትባል ወጣት የኩምቢያ ዘፈን ከፍታ እንዳንወድቅ ስፖርት ታሠራናለች። የወንበር መደገፊያ ይዘን በአንድ እግር እንቆማለን፤ ወለሉ ላይ በተሳለ መስመር ተረከዝን ከጣት እያገናኘን እንራመዳለን። ኤውላሊያ የመጀመሪያ ቀን ወንበራቸውን አልለቅ አሉ።

"ይልቀቁት እንጂ፣ ባል አይሆንዎትም!" አልኋቸው።

"እርስዎ አስቀድመው ሆድዎን ይልቀቁት፤ ወደ ውስጥ ስበው ይዘውት ፊትዎ ቲማቲም መሰለ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማሪቤልም ሳቀች።

እየዋለ እያደረ በአንድ ጣት ብቻ መደገፍ ቻሉ፤ በኋላም እሱን ተዉት። አንድ ቀን የባቄላ ከረጢት በፎጣ ጠቅልለው አመጡና እንደ ሕፃኑ አቅፈው ይመላለሱ ጀመር።

"ይከብዳል" አሉኝ፣ "በክርስትና አባቱ ወጥቷል።"

ቀኑ ደረሰ። ኤውላሊያ ነጭ ሐር የለበሰውን ሕፃን ደረታቸው ላይ አድርገው ከቤት ወጡ። ግሪሴልዳ ፊቷን አጨፍግጋ ባዶውን መደገፊያ ከኋላ ትገፋለች። እኔም አብሬ እሄዳለሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ሥር ሲደርሱ ግን ቀኝ እግራቸውን አነሡና መልሰው አኖሩት። ዳግመኛ ሲያነሡት ወደ ጎን ዘመም አሉ።

ግሪሴልዳ መደገፊያውን ጥላ ሮጠች። እጆቿን ወደ ሕፃኑ ዘረጋች።

"ስጪኝ፣ እማዬ! በእናትሽ!"

"እሱን ተዪው፤ እኔን ያዢኝ" አሉ ኤውላሊያ።

ልጅቱ እጆቿን ከሕፃኑ መለሰች። ከዚያ ወገባቸውን አቀፈች። አንድ ደረጃ ወጥተው ያርፋሉ፣ ደግሞ ሌላ ይወጣሉ። እኔ ባርኔጣዬን ይዤ ከኋላ ቆሜ ነበር። ሕፃኑን መሠዊያው ድረስ ያደረሱት እሳቸው ናቸው።

ከቡራኬው በኋላ እቤታቸው በቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ የበቆሎ ታማል እየበላን፣ "ግሪሴልዳ ብትይዘው ሕፃኑ ይቀየም ነበር እንዴ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

የታማሉን ቅጠል እየገለጡ እንዲህ አሉኝ፦

"እሱስ አይቀየምም። ከወደቅሁ ወዲህ ግን ሁሉም እንደ እንቁላል ከዚህ አንሥቶ እዚያ ያስቀምጠኛል። መደገፍ አልጠላም፤ ዛሬ ልጄ ስታቅፈኝ ደስ ብሎኛል። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ክንዴ ላይ አንድ ነገር ነበረኝ፤ የሰላጣው ሳጥን፣ ልጄ፣ ሲታመም ደግሞ ባሌ። ሰው ነኝ ያልሁት በዚያ ነው፣ አበልጄ። ቢይዙኝ ይያዙኝ፤ ባዶ እጄን ግን አያስቀምጡኝ።"