የአስተብቍዖት ገጽ

የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች አንጋፋውን አራሚ «ጋሼ ሰረዝ» ይሏቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ያረሙት ከሌላ አራሚ ጋር ጥንድ ሆነው ነው፤ አንዱ ረቂቁን ከነሥርዓተ ነጥቡ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው የሙከራውን ኅትመት በዓይኑ ይከተላል። ልማዱ አልለቅ ብሏቸው ለምሳ ሲነሡ እንኳ «ልበላ ነው፣ አራት ነጥብ» ይላሉ።

አሁን የያዙት የጥንታዊ ቃላት መዝገበ ቃላት ነው። ዘጠኝ ዓመት ለፍተውበታል፤ ሢሶው ይቀራል።

ማክሰኞ ጠዋት የአሁኗ ተጣማሪያቸው ረቂቁን አነበበች። «አስተብቍዖት፤ ጸሎት፣ ምልጃ፣ ልመና። ሥሩ በቍዐ ነው፤ ጠቀመ፣ ረባ ማለት ነው።»

«ቀጥይ» አሉ ጋሼ።

ገጽ ልትገልጥ ስታጎነብስ የሳቸውን ወረቀት አየች። ሥሩን የሚናገረው መስመር ከኅትመቱ እንዳለ ተዘሏል፤ ጋሼ ግን ምልክት አላደረጉበትም። እንዲህ ያለውን ግድፈት ድሮ በር ላይ ቆመው ያዩት ነበር።

ተነሥታ በሩን ዘጋች። «ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «ከክረምቱ ወዲህ። መስመሩ ይታየኛል፤ ፊደሉ ጭቃ ነው። ለክፍላችን ኃላፊ ከነገርሻት ነገ ቤቴ ነኝ። አትንገሪ ግን አልልሽም። ለመሆኑ ምን አመለጠኝ?»

መስመሩን ደግማ አነበበችላቸው። ሳቁ።

«ጸሎት ከመጥቀም ይወለዳል? እኔ ደግሞ ልመና ማለት ‹ጥቀመኝ› ብቻ ይመስለኝ ነበር። የኔ ልመና ልጥቀም ነው፣ ልጄ። መጽሐፉ እስኪያልቅ ብቻ።»

«አራት ነጥቡን ረሱት» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱንም የምታነበው እሷ ሆነች፤ መጀመሪያ ኅትመቱን፣ ቀጥሎ ረቂቁን፣ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ልዩነቱን በጆሯቸው ይለቅማሉ። ሐሙስ ዕለት ኃላፊዋ ገባች።

«ምነው፣ አንዱን ነገር ሁለት ሁለቴ?»

ተጣማሪያቸው ጋሼን አየች፤ ከዚያ እውነቱን ነገረቻት። ኃላፊዋ ወረቀቶቹን ተቀበለችና ራሷ የመረጠችውን ገጽ ሁለቱንም አነበበች።

«ቆዪ» አሉ ጋሼ። «ፊተኛው ላይ ‹ወይም› አልነበረም።»

ኃላፊዋ ኅትመቱን መልሳ አየች። አልነበረም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«በሳምንት የምታርሙት ገጽ ይቀንሳል።»

«ይቀንሳል» አሉ ጋሼ።

«እንግዲህ ይቀንስ» አለችና ወረቀቶቹን ለተጣማሪያቸው መለሰችላት።