ክሮም ያስነከርኩት ፍሬን

ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አልተናዘዝኩም። እሳቸው ጾም በገባ ቁጥር "የቀረ አለ ልጄ?" ይሉኛል፤ እኔም "የለም አባ" እላለሁ። ሌላውን ኃጢአቴን እዘረዝርና ይህን አስቀረዋለሁ። ሥራዬ ለሬዲዮ ዜና መላክ ነው። "ያላጣራችሁትን አትጻፉ" እያልኩ ጀማሪ ዘጋቢዎችን ያሠለጠንኩ ሰው ነኝ። በዚህ ጉዳይ ግን የማውቀውን ደብቄ የማላውቀውን ጻፍኩ። ለእሳቸው መናገር ያቃተኝን እስቲ እናንተ ስሙኝ።

ታናሽ ወንድሜ ከይፋግ ልጅ ሊያገባ ነበር። ሚዜዎቹንና የቤተ ዘመድ ሴቶችን ጭኖ ከደብረ ታቦር እንዲወርድ የተመረጠው የጓደኛዬ የአስማማው ሚኒባስ ነው። ከአስማማው ጋር አንድ ሠፈር አድገን፣ አንድ ክፍል ተምረን፣ እሱ መሪ ጨበጠ፣ እኔ ብዕር። በእኛ ከተማ የሠርግ መኪና ቆሞ ይታያል፤ ሰው ጎማው ሳይቀር እየዞረ ይመረምራል። አስማማው ለመኪናው ጎማዎች ሰፋፊ ክፍተት ያለው አዲስ ቸርኬ አስገጥሞለት ነበር። በክፍተቱ ውስጥ ግን ካሊፐሩ ይታያል፤ የፍሬን ሸራዎቹን አቅፎ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ የሚጨብጠው ብረት ማለት ነው። ዝጓል። ዝገቱን ያየው ማን ነው? እኔ። "ክሮም እናስነክረው፣ እንደ መስታወት ያብራ" ያለውስ? እኔ።

"ፍሬን'ኮ ነው፤ የአንገት ሐብል አደረግኸው እንዴ?" አለኝ አስማማው።

"የይፋግ ሰው ዝገትህን አይቶ እንዲስቅብን ነው?"

"ጎንበስ ብለው ጎማ ሥር የሚያዩ ከሆነማ ልጅቷንም አይሰጡን። ቀለም ልቀባው፣ ይበቃዋል።"

"ቀለም የለበሰ ብረት ሁሉ ዕድሜው ይታወቅበታል" አልኩት። እንዲህ ያለ አነጋገር ይዋጣልኛል። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ እውነት ይሁን ውሸትም አላጣራሁም።

ሳቀና እሺ አለ። ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ስነሣ ሁለቱን የፊት ካሊፐሮች ፈቶ በጆንያ ጠቀለለልኝ። "አንድ ነገር አደራ፤ ሸራው የሚንሸራተትበትን ውስጡን እንዳይነክሩት። ሸፍነው ይንከሩት" አለኝ። አደራ ነው ያለኝ።

አዲስ አበባ ያለው የክሮም ነካሪ ቤት ሰውዬም ያንኑ ጠየቀኝ። "ውስጡን ልሸፍነው? እሱን ካልክ ነገ ከሰዓት ነው የሚደርስልህ።" እኔ ለንጋቱ አውቶቡስ ትኬት ቆርጬ ነበር። "ሙሉውን ንከረው" አልኩት። ካሊፐሩን ገለባበጠና "እኔ የማውቀው የመኪና ጌጥ ነው፤ ፍሬን አላውቅም። አንተ ታውቃለህ?" አለኝ። "አውቃለሁ" አልኩ። አላውቅም ነበር። ምን አስቸኮለኝ? ለሠርጉ ገና ሳምንት ነበረ። ማንም አልጠራኝም፣ የታመመ ዘመድ አልነበረኝም። ትኬት ቆርጬ ነበር፤ ያለኝ ምክንያት ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ ሌላ ምክንያት ፈልጌለታለሁ፤ አላገኘሁም።

ደብረ ታቦር ስደርስ አስማማው ካሊፐሩን ወደ ብርሃን አዞረው። "ውስጡም የሚያበራ ይመስላልሳ?"

"አጥበውት ነው እንጂ ክሮም አይደለም። በሰም ሸፍነው ነው የነከሩት" አልኩት። ሰሙን ከራሴ ጨመርኩት። ዘጋቢ ሲዋሽ ዝርዝር ይጨምራል።

ሸራዎቹን ሲመልስ ቦታው ጠበባቸው፤ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ አስገባቸው። "እምቢ አሉኝ" ሲለኝ "አዲስ ጫማም እስኪላመድ ያጣብቃል" አልኩት። አመነኝ። ለምን አያምነኝ? በዚያ ከተማ ከእኔ ይልቅ በቃሉ የሚታመን ሰው ማን ነበር?

የሠርጉ ቀን እኔ ከወንድሜ ጋር ፊተኛው መኪና ውስጥ ነበርኩ። ከእኛም ፊት ካሜራ የያዘው ልጅ በክፍት መኪና ተቀምጦ ይቀርጸናል፤ እሱ እንዲመቸው ቀስ እያልን ነበር የምንወርደው። አስማማው ከኋላችን ነው። ወደ ዓለም በር ከተማ የሚያወርደውን ቁልቁለት በሙሉ በእኛ ፍጥነት፣ ማለትም ሰው በሶምሶማ ሊደርስበት በሚችል ፍጥነት ወረደው። ይህን የማውቀው ሰምቼ አይደለም፤ በዓይኔ ስላየሁ ነው። ፍሬን ይዞ፣ ለቆ፣ ደግሞ ይዞ። በክሮሙ ቦታ የጠበባቸው ሸራዎች ግን ሲለቃቸው አይመለሱም፤ ዲስኩን እንደነከሱ ይቀራሉ። ብረቱ ጋለ፣ የፍሬን ዘይቱ ፈላ፣ ፔዳሉ ባዶ ሆነ።

የጡሩምባ ድምፅ ሰማሁ፤ አላቋርጥ አለ። ሚኒባሱ አልፎን ሄደ። በቀኝ ገደል ነው፣ በግራ የተቆረጠ ኮረብታ። አስማማው መኪናውን ከኮረብታው ጋር አላተመው። ማንም አልሞተም። የአክስቴ የእትዬ ዘውድነሽ ዳሌ ግን ተሰበረ፤ ዛሬም በምርኩዝ ነው የምትሄደው።

ሮጬ ደረስኩ። የተቃጠለ ሸራ ይሸታል። ክሮሙ ሰማያዊ ሆኖ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል፤ ሸራው ዲስኩ ላይ ተጣብቋል። አየሁት። ምን እንደሆነም፣ ማን እንዳደረገውም እዚያው ቆሜ ገባኝ። አስማማው አፈር ላይ ተቀምጦ "ፔዳሉ ወለል ነካ፤ ምንም አልያዘልኝም" ይላል። ሊያዩ ከተሰበሰቡት አንዱ "አደጋ ያደረሰ ሁሉ ፍሬን እምቢ አለኝ ነው የሚለው" አለ። እኔ ወደ ትራፊክ ፖሊሱ ዞርኩ። ስጠይቀው "መንስኤው ገና ይጣራል" አለኝ።

ያን ዕለት ምሽት ዜናውን ላክሁ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር "የአደጋው መንስኤ አሽከርካሪው ከተገቢው ፍጥነት በላይ በማሽከርከሩ ነው" ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር እጄ ያውቀዋል፤ ከስንት አደጋ ዜና ሥር አስቀምጬዋለሁ። ምንጩ ማን ነው? ማንም። ፖሊሱ አላለም፣ ተሳፋሪ አላለም። እኔ አልኩ። በማግሥቱ በሬዲዮ ከተነበበ በኋላ ግን ተሳፋሪዎቹም ያንኑ አሉ። የሚያስታውሱት መጨረሻውን ነው፤ በመጨረሻው መኪናው በእርግጥ እየበረረ ነበር። ምርመራውም በሹፌሩ ጥፋት ተዘጋ። ዜናዬ አዘጋው አልልም፤ አላውቅም። አለመቃወሜን ግን አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ መኪናው ቢጠገንም ማን ይሳፈርለት? ረዳቱ "ወረታ፣ ወረታ!" እያለ ሲጣራ ሰው ሹፌሩን አይቶ ወደ ሌላ መኪና ይሄዳል። ሚኒባሱን ሸጠ። አሁን መናኸሪያው አጠገብ ጎማ ይለጥፋል። ጎረምሶች ሹፌሮች "ጄቱ፣ ነፋ አርግልኝ፤ እንዳንተ ልብረር" ይሉታል። ሳቅ ብሎ ይነፋላቸዋል። እኔ አጠገቡ ስቆም እኔም አብሬ ሳቅ እላለሁ። ይህንንም ጻፉብኝ።

እትዬ ዘውድነሽ ሰላምታውን አትቀበለውም። ቤቷ በሄድኩ ቁጥር "አንተ ባትኖር ያ ጄት ፍሬኑን ሰበብ አድርጎ ያመልጥ ነበር። እውነቱን ጻፍክልኝ፤ ተባረክ ልጄ" ትለኛለች። ጎንበስ ብዬ አሜን እላለሁ።

ባለፈው ወር ጎማዬን ላስለጥፍ ሄድኩ። አስማማው የጎማዬን ከመነዳሪ ቀዳዳውን ለማግኘት ውኃ ውስጥ እየነከረ፣ ቀና ሳይል "አንድ ነገር ልጠይቅህ?" አለኝ።

"ጠይቅ።"

"ያን ቀን ፈጥኜ ነበር እንዴ?"

እሱ ቀጠለ፦ "ለእኔ ቀስ ብዬ የወረድኩ ነው የሚመስለኝ። ግን አንተ ፈጥኗል ብለሃል፤ አንተ ደግሞ የማታውቀውን አትጽፍም። እንግዲህ ሳይታወቀኝ ፈጥኜ ይሆናል። ልጄ መንጃ ፈቃድ ላውጣ እያለ ይለምነኛል፤ ከለከልኩት። የእኔው ነገር እሱም ላይ ቢኖርስ?"

በጠላትነት ቢጠይቀኝ እችለው ነበር። ያዘነብኝ መስሎኝ ስሸሸው ኖሬያለሁ፤ እሱ ግን እኔን አምኖ ራሱን ሲጠራጠር ነው የኖረው። መኪናውን ብቻ አይደለም ያጠፋሁበት። ዓይኑ ያየውን፣ እግሩ የረገጠውን እንዳያምን አደረግሁት። አሁን ደግሞ የልጁ እንጀራ ላይ ደርሻለሁ። ያኔ እንኳ ምን አልኩት? "የቆየ ነገር ነው፤ ተወው።" ይህን ብዬ ጎማዬን ተቀብዬ ሄድኩ። በዚያ ቀን በራሴ የተናደድኩትን ያህል በሰው ተናድጄ አላውቅም፤ ንዴቴ ግን ለአስማማው ምን ጠቀመው?

በሳምንቱ አለቃዬን የቆየ ዜና ይታረማል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "የትኛው?" አለኝ። "እንዲሁ ነው" አልኩ። አሁንም ሸሸሁ። ስለዚህ ስሜን አስፍሬ እዚህ ጻፍኩት፤ ከዚህ ወዲያ "እንዲሁ ነው" ማለት አልችልም።

ቸኩዬ ነበር፣ ፈርቼ ነበር፣ የወንድሜ ሠርግ ነበር ማለት እችላለሁ። አንዱም ማስተባበያ አይሆንም። ካሊፐሩን ሙሉውን ያስነከርኩት እኔ ነኝ፤ ሸፍነውታል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ፈጥኗል ያልኩት እኔ ነኝ። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ይህ ለኅትመት ከመሄዱ በፊት ነገ ጠዋት ወደ አስማማው እሄዳለሁ። ልጁን አስጠርቼ፣ ጎረምሶቹም ካሉ እነሱ ባሉበት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብለታለሁ። አባትህ አልፈጠነም፣ ቀስ ብሎ ነበር የሚወርደው እለዋለሁ። ከዚያ ለሚመጣው ነገር ሁሉ እዚያው እቆማለሁ። አስማማው የሚለኝን ግን አልዘግበውም፤ እሱን በተመለከተ ከእንግዲህ የሚናገረው ራሱ ነው።