ሳይታመሙ የመጡት መምሬ

አክስቴ እጅጋየሁ የታካሚ ካርድ ስትቀበል ከወንበሯ ብድግ ትላለች። በቀን መቶ ካርድ ቢመጣ መቶ ጊዜ ነው። "ጉልበትሽ አይደክምም?" ብላት፣ "የሚሰጠኝስ ሰው ቆሞ አይደል?" አለችኝ።

ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል፣ ሐኪም የጻፈውን ወደ መለያ ቁጥር፣ ወደ ኮድ ትለውጣለች። የጤና መድን የሚከፍለው ኮዱን አይቶ ነው። የሚያስቸግሯት ሳይታመሙ፣ ጤናቸውን ለመታየት ብቻ የሚመጡ አረጋውያን ናቸው። ለእነሱም ኮድ አለ፤ ግን የክፍያ መጠየቂያው ቅጽ ከመድን ቢሮ "ሕመሙ አልተገለጸም" ተብሎ ይመለሳል። ያኔ ክፍያው በሽማግሌው ላይ ይወድቃል፤ የከፈለ ሽማግሌም በዓመቱ ዝር አይልም። ስለዚህ ብዙዎቹ ሠራተኞች አንድ ቀላል በሽታ ጽፈው ይገላገላሉ።

እሷም አንድ ጊዜ ጽፋለች። ከኮላ ድባ ለመጡት ለመምሬ ዕንባቆም፣ አዝናላቸው፣ የደም ግፊት ኮድ ሞላች። ከወራት በኋላ አንድ ጤና ጣቢያ ወረቀቱን አይቶ ኪኒን ሰጣቸው። ጤነኛው ሰው ኪኒኑን ውጠው፣ ግፊታቸው ከልክ በታች ወርዶ ማኅሌት እንደቆሙ ወደቁ። ክንዳቸው ተሰበረ።

ዘንድሮ በጥቅምት መምሬ እንደገና መጡ።

"ምነው እጅጋየሁ፣ ዛሬ ደግሞ ምን በሽታ ልትሰጭኝ ነው?"

"ምንም አልሰጥዎትም፣ አባ።"

"ሸጋ! እኔም ምንም ይዤ አልመጣሁ።"

እውነተኛውን ኮድ ጻፈች። ቅጹ ተመለሰ። አብሯት የሚሠራው መልካሙ፣ "እትዬ፣ አንድ ቁጥር እኮ ናት፤ ግፊት ይበሉትና ይለፍ" አላት።

"አንዴ ብዬዋለሁ፤ ክንድ ሰበረ" አለችው። ቅጹን ይዛ ራሷ መድን ቢሮ ሄደች።

እዚያ ያለው ተቆጣጣሪ፣ "ካልታመሙ ምን ሊያደርጉ መጡ?" አላት።

"እንዳይታመሙ ነዋ!"

ሳቀና መለሳት። በማግስቱም መለሳት። በሦስተኛው ቀን ያኔ የሠራችውን ስህተት በእጇ ጽፋ፣ ፈርማ፣ ከቅጹ ጋር አያይዛ ሰጠችው። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ፈረመ። መምሬ ምንም አልከፈሉም፤ ለአክስቴ ግን ስላመነችው ስህተት ከሆስፒታሉ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት።

ይህን ልጽፍ ነው ስላት አልከለከለችኝም። "ስህተቴን ጻፊው፤ የሚማርበት አይጠፋም። አንዷን ነገር ግን ተያት፤ እሷን ያነበበ ሰው ጥፋቴን ያቀልልኛል" አለችኝ። እኔ ግን ልተዋት አልቻልኩም። እንድተዋት የለመነችኝ ይህችን ነው፦ መምሬ ክንዳቸው ታስሮ ተኝተው ሳሉ ጥፋቷን ልትነግራቸው ኮላ ድባ ድረስ ሄዳ፣ ገና ተናግራ ሳትጨርስ፣ በደህናው እጃቸው ራሷን ዳስሰው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ብለዋታል።